በባላቸው የተረሱት ዳኛ፦ የሳንድራ ዴይ ኦኮነርና የጆን ኦኮነር ጉዳይ

በኖቬምበር 2007 በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት ዋና ከተማ በፊኒክስ የሚሠራ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በሚኖሩበት መጦሪያ ውስጥ ስለሚፈጠር ፍቅር አጭር ዘገባ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዘገባው ከተነሡት ነዋሪዎች አንዱ የ77 ዓመቱ ጆን ኦኮነር ነበሩ። ወንድ ልጃቸው ቀርበው እንደተናገሩት፣ አባታቸው እዚያው መጦሪያ ውስጥ ከምትኖር ሌላ ታማሚ ጋር እንደ ጎረምሳ ፍቅር ይዟቸዋል፤ እናታቸውም በዚህ አልተከፉም፣ ይልቁንም ባላቸው ተረጋግተውና ማማረር ትተው በማየታቸው እጅግ ተደስተዋል። እኚህ እናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ የነበሩት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው።

ትልልቆቹ ጋዜጦች ወሬውን ወዲያው ተቀባበሉት። አንዳንዱ ሰው የሚስትየዋን ትዕግሥት አደነቀ፤ አንዳንዱም «እኔ ብሆን አልችለውም» አለ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን በፊት አሥራ ሰባት የሕመም ዓመታት አልፈዋል፤ በዘገባው የተነገረው ነገር ትርጉም የሚኖረውም ከእነዚያ ዓመታት ጋር ሲታይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ሁለቱ የተዋወቁት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት የሕግ መጽሔት ላይ አብረው ሲሠሩ ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 1952 በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ድንበር ላይ በሚገኘው የሙሽራዋ ቤተሰብ የከብት እርባታ ተጋብተው ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ጆን ጨዋታ አዋቂ፣ ቀልድ የማያልቅባቸውና ዳንስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሚስታቸውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጩ፣ ጆን በፊኒክስ ያደላደሉትን የጥብቅና ሥራ ትተው ተከትለዋቸው ዋሽንግተን ገቡ። በዚያ ዘመን ለሚስቱ ሹመት ሲል የራሱን እንጀራ የሚነቅል ባል ብርቅ ነበር። በ1988 ዳኛዋ በጡት ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸውና ከዐሥር ቀን በኋላ ወደ ችሎት ሲመለሱም ጆን አጠገባቸው ነበሩ። ይህን ቅድመ ታሪክ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የሚተረከው አስታማሚነት የተሠራው ከዚህ ውለታ በመሆኑ ነው።

የጆን ሕመም አልዛይመር መሆኑ የታወቀው በ1990 ሲሆን እርሳቸው ገና የ60 ዓመት ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ለአልዛይመር የተፈቀደ አንድም መድኃኒት አልነበረም፤ የመጀመሪያው የተፈቀደው በ1993 ነው፤ እርሱም ሆነ ከእርሱ በኋላ በ1990ዎቹ የመጡት ምልክቱን ለጊዜው ከማለዘብ አልፈው ሕመሙን የሚያቆሙ አልነበሩም። ለቤተሰቡ በእጅ የቀረው ነገር የኑሮ አያያዝ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ «ጃጅቷል» ተብሎ ይታለፋል። ቃሉ ነገሩን ከሕመም ወደ ዕድሜ ስለሚያዛውረው፣ ታማሚው የሚጠየቅና የሚታከም ሰው መሆኑ ቀርቶ የሚናገረው የማይሰማ፣ በፊቱም እንደሌለ ተቆጥሮ የሚወራበት ሰው ይሆናል። በስድሳ ዓመቱ፣ በሙያው ላይ ሳለ የታመመው ጆን ኦኮነር ግን ጃጀ ሊባል የሚችል ሰው አልነበረም። አልዛይመር ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን የሚጀምረው አዲስ ነገር የሚመዘገብበትን፣ ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍልና ዙሪያውን በመጉዳት ነው። ታማሚው ከአንድ ሰዓት በፊት የበላውን ሳያስታውስ የልጅነት ሰፈሩን ቤት ለቤት ሊቆጥር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ የሚጠይቀውም መልሱን ስላልሰማ ሳይሆን የሰማው መልስ የሚያርፍበት ቦታ ስለታጣ ነው።

ከ1990 በኋላ ዳኛ ኦኮነር ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል በሥራቸው ቆይተዋል። እነዚያ ዓመታት ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ በሚከፈልባቸው ታላላቅ ጉዳዮች የእርሳቸው ድምፅ ሚዛኑን ወደ አንዱ ወገን የሚያጋድልባቸው ነበሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ባላቸው ቀስ በቀስ ብቻቸውን የማይተዉ ሰው እየሆኑ ሄዱ። ዳኛዋ የመረጡት መፍትሔ ለአንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንግዳ የሆነ፣ ለአንድ የገጠር ቤት ግን የተለመደ ዓይነት ነበር፤ ባላቸውን ይዘው ቢሮ መሄድ ጀመሩ። ሚስትየው የጉዳይ መዝገብ ሲመረምሩ ባልየው እዚያው ቢሮ ተቀምጠው ይውሉ ነበር።

ከጉዳዩ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ዜና ያልሆነውም ይኸው ክፍል ነው። አብዛኛው ሰው የታመመ ወገኑን ሲያስብ ለጥየቃ የሚሆን የተለየ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሰዓቱም ሲገኝ ምን እንደሚያወራ ይጨነቃል። አዲስ ወሬ ለማይያዝለት ሰው ወሬ መንገር ቶሎ ያልቃል፤ ያለፈውን ማስታወስም በተደጋገመ ቁጥር ፈተና ይመስላል። አብሮ መዋል ግን ወሬ አይጠይቅም። አንዱ ሥራውን ሲሠራ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ቀና ባለ ቁጥር የሚያውቀው ፊት ቢያይ፣ በመካከላቸው ያለው ነገር በቃል የማይደገፍ ስለሆነ ቃል ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። በእናቶቻችን ቤት አያት በጓዳ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ቡና ሲቆላ እያየች የምትውለው ውሎ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ዳኛዋ ይህን ያደረጉት በዕብነ በረድ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ፣ የአገሪቱን ሕግ እየተረጎሙ መሆኑ ነው።

ጁን 11 ቀን 2004 ዳኛ ኦኮነር በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ቆመው በሬገን የቀብር ሥርዓት ላይ ንባብ አሰምተዋል። ለዳኝነት ያጯቸው ፕሬዚዳንት ራሳቸው በአልዛይመር መታመማቸውን ለሕዝብ በጻፉት ደብዳቤ ያስታወቁት በኖቬምበር 1994 ነበር። ዳኛዋ በዚያ መድረክ ላይ ሲያነቡ በቤታቸው ያለው ሕመም አሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

በ2005 የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬንኲስት በታይሮይድ ካንሰር ታመው ሥራ ይለቃሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ዳኛ ኦኮነር የሁለት ዳኞች ወንበር በአንድ ጊዜ ባዶ እንዲሆን አልፈለጉም፤ ሬንኲስት ደግሞ አንድ ዓመት መቆየት እንደሚፈልጉ ነገሯቸው። የኦኮነር ምርጫ እንግዲህ ወይ ወዲያው መውጣት ወይ አንድ ተጨማሪ ዓመት መጠበቅ ሆነ፤ የባላቸው ሁኔታ ዓመት የሚሰጥ ስላልመሰላቸው ጁላይ 1 ቀን 2005 ጡረታ መውጣታቸውን አስታወቁ። ሬንኲስት ግን በሴፕቴምበር 3 ቀን ዐረፉ። ኦኮነር ተተኪያቸው እስኪሾም ለመቆየት ቃል ገብተው ስለነበር ከወንበራቸው የተነሡት ጃንዋሪ 31 ቀን 2006 ነው።

ወደ ሰባት ወር በፈጀው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕመሙ አልጠበቀም። ዳኛዋ በነጻነት ከባላቸው ጋር ሊያሳልፉ ያሰቡት ዘመን ሲደርስ፣ ጆን በቤት ውስጥ ሊያዙ ከሚችሉበት ደረጃ አልፈው ነበር፤ በዚያው ዓመት በፊኒክስ ወደሚገኘው መጦሪያ ገቡ። ዳኛዋ በኋላ ላይ ሥራ በመልቀቃቸው እንደተቆጩ ተዘግቧል። ይህን ቁጭት እንደ ራስ ወዳድነት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። በዓለም ላይ ሊያገኙት ከሚችሉት ሁሉ የሚበልጥባቸውን ሥራ ለአንድ ሰው ሲሉ ሰጡ፤ የሰጡት ግን ያ ሰው ሊቀበለው ከማይችልበት ጊዜ በኋላ ሆነ። በዚህ ሕመም አስታማሚውን በብርቱ የሚጎዳው የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታማሚው ደህና ስለሚመስል ቤተሰብ ጊዜውን ለኋላ ያስቀምጣል፤ ኋላ ሲመጣ ደግሞ የሚያስፈልገው የብዙ ሰው ጉልበትና ሙያ እንጂ የአንድ ሰው አብሮነት ብቻ አይሆንም። ዳኛዋ ባላቸውን ወደ ቢሮ ይዘው የሄዱባቸው ዓመታት ባይኖሩ ኖሮ፣ የ2006ቱ መሥዋዕትነት ብቻውን ምንም ባላተረፈ ነበር።

መጦሪያ ማስገባት ለአማርኛ አንባቢ የሚጎረብጥ ነገር መሆኑ ግልጽ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ የተመረቀ ሰው ወላጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን ለሌላ እጅ መስጠት ከእርግማን ይቈጥረዋል። በሌላ በኩል በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በነርስ ረዳትነት ሌሊቱን የሚያድሩ፣ የሰው ወላጅ የሚያጥቡና የሚያጎርሱ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ማን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ ማንስ ከገና እስከ ፋሲካ ጠያቂ እንደማያይ ከማንም ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። የኦኮነር ጉዳይ እንደሚያሳየው ታማሚው ቤት ቀየረ ማለት ዝምድናው ተቋረጠ ማለት አይደለም፤ የሚያቋርጠው በኋላ የሚሆነው ነው።

ጆን መጦሪያው እንደገቡ ተክዘውና ተከፍተው ነበር። ከጊዜ በኋላ በዚያው ግቢ ወዳለ ሌላ ቤት ተዛወሩ፤ በሁለት ቀን ውስጥም፣ ልጃቸው እንደተናገሩት፣ ሌላ ሰው ሆኑ። ከአንዲት ታማሚ ጋር ተዋወቁ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው በበረንዳው ዥዋዥዌ ላይ መቀመጥም ልማዳቸው ሆነ። ሚስታቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሁለቱን በዚያ ሁኔታ ያገኟቸዋል፤ ሳይቆጡም ሳያለያዩም አብረዋቸው ይቀመጣሉ። ትዳራቸው ወደ 55 ዓመት እየተጠጋ ነበር።

ይህ ለምን ሊሆን እንደቻለ ሲታሰብ ክህደት የሚለው ቃል ቦታ ያጣል። ጆን ሚስታቸውን በሌላ ሴት አልለወጡም፤ ለመለወጥ ሚስት እንዳለች ማወቅ ያስፈልጋልና። ሕመሙ የሰዎችን ስምና ታሪክ ሲወስድ፣ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው የመፈለግን፣ እጅ የመያዝን ነገር ግን ገና አልወሰደባቸውም ነበር። እጃቸው የሚይዘውን ፈለገ፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ያለው እጅ ደግሞ የሌላዋ ታማሚ እጅ ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ብርሃን ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ለአልዛይመር ታማሚዎች አሳዛኝና አስደሳች የፊልም ቁርጥራጮች አሳዩ። ታማሚዎቹ ከደቂቃዎች በኋላ ስላዩት ነገር ሲጠየቁ የሚያስታውሱት እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ፊልሙ ያሳደረባቸው ሐዘን ወይም ደስታ ግን ገና አብሯቸው ነበር። ይህ ማለት ጠያቂው ከበር ከመውጣቱ መምጣቱ ቢረሳም፣ ጥየቃው ያመጣው መረጋጋት ወይም ያመጣው ብስጭት ታማሚው ላይ ይቆያል ማለት ነው። ዳኛ ኦኮነር በዚያ በረንዳ ላይ ሚስትነታቸውን ለማስታወስ ቢከራከሩ ኖሮ፣ ባላቸው የክርክሩን ምክንያት ወዲያው ረስተው ድንጋጤውን ብቻ ይዘው ይውሉ ነበር።

በእኛ ቤት የዚህ ተቃራኒ በየዕለቱ ይደረጋል፤ ያውም በፍቅር። ጠያቂው ገና ከመግባቱ ጎንበስ ብሎ «አወቁኝ? እስቲ እኔ ማን ነኝ?» ይላል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው መልሱን ይጠብቃል። አዛውንቷ ፊቱን አተኩረው አይተው ሲያቅታቸው ያፍራሉ፤ ወይም አንድ ስም ይገምታሉ፣ ሰውም ይስቃል። ጠያቂው «ረሱኝ» ብሎ አዝኖ ይሄዳል፤ እርሳቸው ደግሞ ለምን እንዳፈሩ ሳያስታውሱ እፍረቱን ይዘው ያመሻሉ። «እትዬ፣ እኔ የወንድምዎ ልጅ ነኝ፤ ላይዎት መጣሁ» ብሎ እጃቸውን ይዞ መቀመጥ የሚያስከፍለው ነገር ቢኖር፣ በእርሳቸው አንደበት የመጠራትን ደስታ መተው ብቻ ነው። ዳኛ ኦኮነር የተዉት ይህንኑ ነው፤ በሃምሳ ዓመት ትዳር ላይ ሲሆን ግን ክፍያው ቀላል አይደለም። ግንኙነታቸው የቀጠለው በመታወስ ሳይሆን በማስታወስ ነበር፤ የሁለቱን ታሪክ ለብቻቸው ተሸክመው፣ ከባላቸው ምላሽ ሳይጠይቁ ይመጡ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም ሁሉም ሚስት ወይም ሁሉም ባል እንዲህ ይሁን ማለቴ አይደለም። በመጦሪያ ቤቶች ውስጥ በታማሚዎች መካከል የሚፈጠር ቅርርብ ከባድ ጥያቄዎች አሉት፤ ማስተዋሉ የተጎዳ ሰው ፈቃዱን መስጠት ይችላል ወይ፣ የሌላዋ ታማሚ ቤተሰብስ ምን ይላል የሚሉት እንዲህ በቀላሉ አይመለሱም። ቅናት የሚሰማው አስታማሚም ኃጢአተኛ አይደለም። በኦኮነር ቤተሰብ ነገሩ ያለ ጠብ ያለፈው ከእርሱ በፊት ረጅም ሐዘን ስለነበረ ይመስለኛል። ዳኛዋ ባላቸውን ቀስ በቀስ ሲያጡ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ለእርሳቸው አዲሱ ነገር የባላቸው ማዘን መቆሙ ነበር።

አቅምም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ዳኞች በዕድሜና በአገልግሎት የተወሰነውን መስፈርት ካሟሉ ሙሉ ደመወዛቸውን ይዘው ጡረታ ይወጣሉ፤ በ75 ዓመታቸው ሥራ የለቀቁት ኦኮነር የገንዘብ ጭንቀት ሳይኖርባቸው ለባላቸው ጥሩ ቦታ መምረጥ ችለዋል። ሥራዋን ትታ አባቷን የምታስታምም ልጅ ይህ የላትም። ዳኛዋ ራሳቸው ይህን የዘነጉ አይመስሉም፤ በሜይ 2008 በአሜሪካ ሴኔት የአረጋውያን ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሲመሰክሩ የራሳቸውን ታሪክ ከሚሊዮኖች አስታማሚዎች ታሪክ ጋር ቀላቅለው አቅርበው፣ ለምርምርም ለአስታማሚ ቤተሰቦችም ድጋፍ እንዲጨመር ጠይቀዋል።

ጆን ኦኮነር ኖቬምበር 11 ቀን 2009 በፊኒክስ በ79 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕመማቸው ከታወቀ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር።

ከዚያ በኋላ ዳኛዋ ለወጣቶች የሥነ ዜጋ ትምህርት በማስፋፋት ተግተው ሠሩ፤ በኦክቶበር 2018 ግን ለሕዝብ ደብዳቤ ጻፉ። የመርሳት ሕመም፣ ምናልባትም አልዛይመር፣ እንደጀመራቸው ሐኪሞች ከነገሯቸው መቆየቱን፣ ሕመሙ እየገፋ በመሄዱም ከአደባባይ ሕይወት መራቃቸውን አስታወቁ። ደብዳቤውን የጻፉት ገና መናገር በሚችሉበት ጊዜ ሁኔታቸውን በራሳቸው ቃል ለመግለጽ እንደሆነ አመልክተዋል። በዚህ ውስጥ ከባላቸው ሕመም የተማሩት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ጊዜውን ለኋላ አላስቀመጡትም።

ዲሴምበር 1 ቀን 2023 በ93 ዓመታቸው በፊኒክስ ዐረፉ። ሥርዓተ ጸሎቱ ዲሴምበር 19 ቀን በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል፣ በ2004 ለሬገን ቆመው ባነበቡበት በዚያው ቦታ ተፈጸመ። በማግስቱ፣ ሳንድራና ጆን በከብት እርባታው ከተጋቡ ልክ 71 ዓመት ሞላ።